እጄን ለማፍታታት አብስትራክት መሞከር ከጀመርኩ ወዲህ

የምተዳደረው የቤት ፕላን በመሥራት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሥዕል ሲጀምር ምን እንደሚያወጣ መገመት አይከብድም። መስመሩ ሁሉ ቀጥ፣ መስኮቱ ሁሉ እኩል። የደሴ ፒያሳን ስሥል የቆርቆሮው ሽንሽን እንኳ አይቀረኝም ነበር። ያየው ሁሉ "ቁርጥ ፒያሳን!" ይለኛል። ደስ ይላል፣ አይካድም። ግን ሥዕሉ ውስጥ ብርዱ የለም፣ ግርግሩም የለም። ያለው ልኬት ብቻ ነው።

ስለዚህ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ አብስትራክት፣ ማለትም የሚታወቅ ነገር ሳይመስል በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚሠራ ሥዕል፣ እየሞከርኩ ነው። የአብስትራክት ሠዓሊ ልሁን ብዬ አይደለም፤ እጄ እንዲፈታ ነው። ተመሳሳይ ጣጣ ላለባችሁ እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የተለመደውን ምክር ሁላችንም ሰምተነዋል። ትልቅ ብሩሽ ያዝ፣ እጀታውን ከጫፉ ያዝ፣ ቆመህ ሥራ፣ ክንድህን ከትከሻህ አንቀሳቅስ። ይሠራል። የግድግዳ ቀለም መቀቢያ ብሩሽ ገዝቼ ሞክሬዋለሁ። ግን በትልቅ ብሩሽም መስኮት መቁጠር ይቻላል! እጅን የሚያስረው "ይሄ በር ነው፣ ይሄ ቆርቆሮ ነው" እያለ ስም የሚያወጣው ጭንቅላት ነው። አብስትራክት ላይ በርም ቆርቆሮም የለም። የሚቀረው ቅርጽ፣ የጨለማና የብርሃን ደረጃ፣ ጠርዝ፣ የቀለም ሙቀት (እንደ ቀይ ሞቃት ወይስ እንደ ሰማያዊ ቀዝቃዛ) ነው። የምትወስኑት ነገር ያንሳል፤ እያንዳንዱ ውሳኔ ግን ይከብዳል።

አሁን የጸናልኝ ልምምድ እንዲህ ነው። የጦሳ ተራራን ፎቶ ስልኬ ላይ ገልብጬ አስቀምጣለሁ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አየዋለሁ፤ ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቁ ጨለማና ብርሃን ይቀራል። ከዚያ ሦስት ቀለም ብቻ እበጠብጣለሁ፤ ጠቆር ያለ፣ መካከለኛ፣ ነጣ ያለ። በእነሱ ጥቂት ትልልቅ ቅርጾች አስቀምጥና ስልኩን አጠፋዋለሁ። ዋናው ነገር ማጥፋቱ ነው። ከዚህ በኋላ ጦሳን መሰለ አልመሰለ ጉዳዬ አይደለም። ይሄ ጨለማ እዚህ ጋ ከበደ ወይ? ወደ ግራ ብገፋውስ? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው። ሲያልቅ የካርቶን መሃል በአራት ማዕዘን ቆርጬ ሥዕሉ ላይ አንሸራትታለሁ። ብዙ ጊዜ ከሙሉው ይልቅ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ቁራጭ ትበልጣለች።

ስለ ጠርዝ ያስተማረኝ ግን ጉሙ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሰፈር ድረስ ይገባል። ያኔ የጦሳ አናት ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል፤ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ቅርብ ያለው ባሕር ዛፍ ጠቁሮ፣ ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ራቅ ያለው እየነጣ፣ ቀለሙ እየከሰመ ይሄዳል። ታዲያ እኔ ሁሉንም ጠርዝ እኩል ለማጉላት ምን አደከመኝ? አሁን አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ቁልጭ አደርግና የቀረውን ሳይደርቅ በጨርቅ አዋህደዋለሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ስልኩን ተዉትና በመስኮት እዩ፤ ትምህርቱ ነፃ ነው።

በአክሬሊክ፣ በውሃ በሚቀጥነውና ቶሎ በሚደርቀው ቀለም፣ ለምትሠሩ፦ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ጨርቁን ሳታነሱ ይደርቃል። ደሴ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል። ብቻ ከ10 ዲግሪ በታች አክሬሊክ በደንብ ስለማይያያዝ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሥዕል ውጭ አታሳድሩ።

ሌላው የወደድኩት ማፍሰስ ነው። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሄለን ፍራንከንታለር በ1952 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ23 ዓመቷ፣ የዘይት ቀለም በተርፐንታይን አቅጥና መሬት ላይ በተዘረጋ፣ መደብ ቀለም ባልተቀባ ሸራ ላይ አፈሰሰችው። ቀለሙ ጨርቁ ውስጥ ሰረገ። እኔ በአቡጀዲ ነው የሞከርኩት። አዲስ አቡጀዲ ስታርች ስላለበት አስቀድማችሁ እጠቡት፤ አለዚያ ቀለሙ አይሰርግም። ዘይት ቀለም ደግሞ መደብ ያልተቀባ ጨርቅን በጊዜ ብዛት ያበላሻል፤ በውሃ የቀጠነ አክሬሊክ ይሻላል። ለፕላን ሠሪ ከዚህ የበለጠ መድኃኒት የለም። ያፈሰሳችሁትን በማስመሪያ ማስተካከል አትችሉም።

የግቢያችን እናት የሰቀልኩትን አይተው "ልጄ፣ ይሄ አልቋል ወይስ ገና ነው?" አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ሁልጊዜ አላውቀውም። ለጊዜው የያዝኩት ሕግ፣ እጄ ትንሿን ብሩሽ መፈለግ ሲጀምር ማቆም ነው። "ይሄማ መሣል የማይችል ሰው ሥራ ነው" ለሚሉት ግን ትዕግሥት የለኝም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ አብስትራክትን አዲስ አበባ ላይ ሲያሳይ ሰው መሣል አቅቶት አልነበረም። ሰውም ሥሏል፣ አስተምሯል፣ ግጥምም ጽፏል።

ለውጡን ያየሁት ወደ ተለመደው ሥዕል ስመለስ ነው። ሰሞኑን ሰኞ ገበያን ሠራሁ። መጀመሪያ ሦስቱን ደረጃዎች ብቻ ጣልኩ፤ ሰዉ ሁሉ አንድ ትልቅ ጠቆር ያለ ቅርጽ ሆነ። ከዚያ ጥቂት ነጠላና ሁለት ጃንጥላ ለየሁ። ፊት አልሠራሁም። ግን ግርግሩ አለ።

ባጃጅ ግን አሁንም አልፈታልኝም። ጎማውን ሳይ እጄ ኮምፓስ ያምረዋል። መኪና ላላ አድርጋችሁ የምትሥሉ ካላችሁ ከምን እንደምትጀምሩ ንገሩኝ፤ ከጥላው ነው ወይስ ከጣሪያው? እኔ በሚቀጥለው ከጥላው ልሞክር ነው።