ዱስቲ ቤከር እና ያቺ ኳስ

ሰሞኑን ማታ ማታ በስልኬ ቤዝቦል እያየሁ ነው። ጎጃም ተቀምጠህ ቤዝቦል ምን አመጣው እንዳትሉኝ፤ በገና ሰሞን በቆልማማ ዱላ ጥንግ ስንለጋ ነው ያደግነው።

የያዘኝ ሰው አሜሪካዊው ዱስቲ ቤከር ነው። ሲጫወት 242 ሆም ረን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር ማዶ የሚሰድ ምት፣ መትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ከዶጀርስ ቡድን ጋር ሻምፒዮን ሆኗል። እኔን የነካኝ ግን አሰልጣኝ ከሆነ በኋላ ያለው ነው።

በ2002 ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስን ይዞ ለፍጻሜ ደረሰ። ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል፣ እነሱ ሦስቱን አሸንፈዋል። ስድስተኛው ላይ 5 ለ 0 እየመሩ ቤከር ኳስ ወርዋሪውን ራስ ኦርቲዝን ቀየረውና ኳሷን ለማስታወሻ እጁ ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ተጋጣሚያቸው አናሃይም 6 ለ 5 አሸነፈ፣ ሰባተኛውንም ደገመ።

ያቺ ኳስ አንጀቴን በላችው። ጉልበቴ ተጎድቶ ኳስ ካቆምኩ ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስ ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። አምና በአንድ ውድድር 2 ለ 0 እየመራን፣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ የደከመ አጥቂዬን ቀይሬ አወጣሁትና እቅፍ አድርጌ «በቃ፣ ዋንጫው የኛ ነው» አልኩት። 3 ለ 2 ተሸነፍን። ልጁ ፊቱን በማልያው ሸፍኖ ሲያለቅስ አጠገቡ ቆሜ የምለው ጠፋኝ። ሁለት ሳምንት ሜዳ አልሄድኩም። ተጫዋች ሲሸነፍ ቢያንስ ሮጦ፣ ላቡን ጨርሶ ነው፤ አሰልጣኝ ግን ዳር ቆሞ ነው የሚሸነፈው፣ እኔ ደግሞ ያንን አልቻልኩትም።

ቤከር ቻለው። ቺካጎ ሄደ፣ ሲንሲናቲ ሄደ። ዋሽንግተን በ2017 97 ጨዋታ አሸንፎላቸው እንኳ ውሉን አላደሱለትም፣ ይሄ አሁንም ያናድደኛል። ሂውስተን አስትሮስን ይዞ በ2021 ፍጻሜ ላይ እንደገና ተሸነፈ። በ2022 ፊላደልፊያን አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሳ 73 ዓመቱ ነበር፣ በዋና አሰልጣኝነት 25ኛ የውድድር ዘመኑ። የመጨረሻው ኳስ ሲያዝ ረዳቶቹ መጥተው ሲጠመጠሙበት እሱ ገና የጨዋታውን ውጤት ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ ማንንም አላቀፈም። ያችን ቦታ ደጋግሜ አየኋት።

ያ አጥቂ ዘንድሮም ከኛ ጋር ነው። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ አለን፣ እኔም ደብተርና እስክሪብቶ ገዝቻለሁ።