ብርቅ ስም ማን ያነበዋል?

ከበደን አሳስቶ የሚጠራ አበሻ የለም። ሁለተኛዋ ፊደል እንደምትጠብቅ ግን ጽሑፉ አልነገረንም፤ ስሙን እየሰማን ስላደግን ነው። ጥብቀትን የሚያሳዩ ሁለት ነጠብጣቦች ከፊደል አናት ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም ከአንዳንድ መዝገበ ቃላት አልፈው ክትባት ካርድ ላይ ሲወጡ አይታይም። ስምን የምናነበው በልማድ ነው። ለልጅ የሚወጣ ብርቅ ስም ደግሞ ገና ልማድ የለውም፤ ስም የምትጠራዋ መምህርትም፣ ካርድ የሚያወጣውም ሰው በግምት ያነቡታል።

አዳማ ላይ ስሙ በግዕዝ ፊደልም፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤም፣ ስለሚጻፍ ብዙ ወላጅ ጣጣው እጥፍ ይመስለዋል። ለእኔ ቁቤው መፍትሔ ነው። ቁቤ ላይ ተነባቢው ሲጠብቅ፣ አናባቢውም ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል። «ቦና» ብለን ስንጽፍ በአፋን ኦሮሞ በጋውም፣ ኩራት የሚለው የሰው ስምም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ በቁቤ ግን የስሙ አናባቢዎች ሁለት ሁለት ስለሆኑ ማንም አያምታታቸውም። የደራርቱ ቱሉ የአባት ስም ላይ «ሉ» እንደምትጠብቅም ቁቤው በሁለት «ኤል» ይናገራል፣ የእኛ ፊደል ዝም ይላል። የአማርኛ ስምም ቢሆን አንድ ጊዜ በቁቤ ጽፎ ማየት አይከፋም።

ችግሩ ቁቤውን እንግሊዝኛ የለመደ ሰው ሲያነበው ነው። ጫልቱ በ«ሲ» ስለምትጀምር «ካልቱ» ትሆናለች። «ጠ» በ«ኤክስ» ይጻፋል፤ እሱን ማንም ባዕድ አይገምተውም። ስለዚህ ፓስፖርት ላይ በቁቤ ይሁን በእንግሊዝኛ ልማድ፣ አንዱን መርጦ በሁሉም ሰነድ ላይ መጽናት ነው።

የግዕዝ ስም የወደደ ሰው ሌላ ፈተና አለበት። ሐሤትን እንውሰድ። ትክክለኛው አጻጻፍ በሐመሩ «ሐ»ና በንጉሡ «ሤ» ነው። ዛሬ ግን ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሁሉም በአንድ ድምፅ ስለሚነበቡ፣ «ሴ»ም ሁለት ዓይነት ስላላት፣ ይህች ሦስት ፊደል ያላት ስም በ12 መንገድ ልትጻፍ ትችላለች። ለጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር መዝገብ ግን 12 የተለያዩ ልጆች።

ከመወሰን በፊት ስሙን ጽፎ፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ለሦስት ሰው ማስነበብ ነው፤ አንዱ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት፣ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ገና ንባብ የጀመረ ልጅ ቢሆን ጥሩ። ቀጥሎ በስልክ ተናግሮ ማጻፍ። አንዱ ተሳስቶ ሁለቱ ካገኙት ስሙ ይኖራል፤ ሦስቱም በየፊናቸው ካነበቡት ግን ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሲያርም ሊኖር ነው።

ስም ሲታወቅ ንባቡም ይቃናል። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፈን ሐሰን በ2024 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የማራቶን ወርቅ ስትወስድ ስሙን ስንቱ ጆሮ ሰማው! ብርቅነቱ ቢቀንስ ምን ይጎዳል? እኛ ዘንድ የአባት ስም ስለሚከተል ሁለት ናሆም አንድ ክፍል ቢገኙ የሚያምታታ የለም። ብርቅ ስም ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ፣ በበኩሌ፣ ይበዛብኛል።

ቀኑም አይጠብቅም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ሴት ልጅን በ80 ቀን ክርስትና አስነስቶ ስም ለመቁረጥ ላሰበ የሚተርፈው 10 ቀን ነው። የክርስትና ስሙን እዚያው ቤተ ክርስቲያን መተው ይሻላል፣ ሁለቱ ከተደባለቁ ማስተካከያው ረጅም ነው። ቀበሌ ሲኬድ የአባትና የአያት ስም ከአባትየው መታወቂያ ላይ እንዳለ ይገልበጥ። የልጁ ስም በቃል አይነገር፤ ጸሐፊው በጆሮው ይጽፈዋልና። በሚፈለገው ፊደል በወረቀት ላይ ሰፍሮ ይሰጥ፣ ከመፈረም በፊትም ፊደል በፊደል ይመሳከር።