ክረምት ሳይገባ ጓዳዬን አስተካከልኩ

ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ከባድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጓዳ ውስጥ የማይረጥብ ነገር የለም። አምና አንድ ሙሉ ጣሳ በርበሬ ሻገተብኝ። ክዳኑን ስከፍተው ላዩ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል፣ ሽታውም ተቀይሯል፣ እና ያን ሁሉ ተቀንጥሶ፣ ተቀምሞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የተፈጨ በርበሬ መድፋት አንጀቴን ነው የበላው። ጥፋቱ የቦታው ነበር፤ ጣሳው ምድጃው አጠገብ ስለነበር የወጡ እንፋሎት በቀጥታ ይመታዋል።

አሁን በርበሬና ሽሮ ከምድጃው ርቀዋል፣ ክዳኑ ጥብቅ በሚል ዕቃ። ለሳምንት የሚበቃኝን ብቻ በትንሽ ብልቃጥ እቀንሳለሁ፣ ትልቁ በየቀኑ አይከፈትም። ማንኪያው ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የጤፉ ጆንያ ከሥሩ ጣውላ ገባለት። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ አየችውና «ከግድግዳውም ፈቀቅ አድርጊው እንጂ ልጄ፣ አየር ይግባበት» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ግድግዳው በክረምት ያልበዋል። ሽንኩርትና ድንች በየራሳቸው ቅርጫት ሆነዋል። ምጣዱና አክንባሎው ጥግ ይዘዋል።

ቀሪው የቅመም መደርደሪያው ነው፤ እሱን ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ።