የጦር ሰፈሩ በር

የማዳጋስካርን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት እንጃ። አንታናናሪቮ ነው፣ ዋና ከተማው። ወታደር የጫነ መኪና በሕዝብ መሐል ቀስ እያለ ያልፋል። ወጣቶች ላዩ ላይ ተሰቅለው ባንዲራ ያውለበልባሉ። ወታደሮቹም ይስቃሉ።

መነሻው የውኃና የመብራት መጥፋት ነው። ልጆቹ በ2018 ዓ.ም. መስከረም አጋማሽ ላይ አደባባይ ወጡ። ጥቅምት 1 ቀን ካፕሳት የሚባለው የጦሩ ክፍል «ሕዝብ ላይ አንተኩስም» ብሎ ከእነሱ ጋር ወገነ። ፕሬዝዳንቱ ራጆሊና ሀገር ጥሎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አንድ ኮሎኔል ብቅ አለና ሥልጣን ይዘናል አለ። የሚገርመው ደግሞ፣ በ2001 ዓ.ም. ይህንኑ ራጆሊናን ወደ ቤተ መንግሥት ለማስገባት የረዳው ያው ካፕሳት ነው።

እንደ ሰዉ «ጎበዝ!» ብዬ ሼር ላደርገው ነበር። ጣቴ እምቢ አለኝ። ካርቱም ትዝ አለችኝ።

ካርቱምን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የማውቃት በጎረቤቴ በኩል ነው። እትዬ ነው የምላቸው። ብዙ ዓመት እዚያ ኖረዋል፤ ደይም በሚባለው ሰፈር፣ ሐበሻ በሚበዛበት። ሥራቸው ሻይና ቡና ነበር። መንገድ ዳር ምድጃ፣ የብርጭቆ መደርደሪያ፣ ዝንጅብል የገባበት ቡና፣ ለደንበኛ የሚሆኑ አጫጭር መቀመጫዎች። መቀመጫዎቹን እስካሁን ባንበር ነው የሚሏቸው፣ በአማርኛ አይጠሯቸውም። የዱቤ ደብተራቸውንም ይዘውት መጥተዋል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በፈረንጁ ካደረግኩት ለእኔም ይምታታብኛል።

የሱዳን አብዮት ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 አትባራ ላይ ተጀመረ። አትባራ የባቡር ከተማ ናት። ከጎንደር በኩል የሚወርደው ጓንግ ተከዜን ጨምሮ ከዓባይ የሚገናኘው እዚያ ነው። የዳቦ ዋጋ ከአንድ የሱዳን ፓውንድ ወደ ሦስት ዘለለ። ሰዉ ወጣ፣ የገዢውን ፓርቲ ጽሕፈት ቤት አቃጠለ። ከዚያ እሳቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። ነገሩን መልክ ያስያዘው የባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ሐኪም፣ መምህር፣ ጠበቃ፣ ጋዜጠኛ ያለበት። መጀመሪያ ያቀዱት የደመወዝ ወለል ከፍ ይበል ብለው ሰልፍ ለመውጣት ነበር። የሰዉን ስሜት ሲያዩ ጥያቄውን ቀየሩት፤ ፕሬዝዳንቱ አል በሽር ይውረድ አሉ። መፈክሩም አጭር ነበር፦ «ተስጉት በስ»። ትውደቅ፣ በቃ።

ከዚያ መጋቢት 28 መጣ። ቀኑ ዝም ብሎ አልተመረጠም። በ1977 ዓ.ም. የቀድሞው የሱዳን ወታደራዊ ገዢ ኒሜሪ የወደቀበት ቀን ነው። የአልጄሪያው ቡተፍሊካም ከአራት ቀን በፊት ሥልጣን ለቆ ነበር። ሰልፈኛው ወደ ቤተ መንግሥት አልሄደም፤ ወደ ፓርላማም አልሄደም። የሄደው ወደ ጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ነው። በሩ ላይ ደርሶ ተቀመጠ። አልነሳም አለ።

እዚህ ላይ እትዬን ዝም ማሰኘት አይቻልም። እሳቸውም ምድጃቸውን ተሸክመው ሄደዋል። «ለፖለቲካ መስሎሽ ነው? ገበያ ነው እንጂ!» ይላሉ። ግን ሲያወሩት የገበያ ወሬ አይመስልም። መግቢያው ላይ ወጣቶች እየፈተሹ ያስገባሉ። «እጅህን ወደ ላይ፣ ፍተሻው በጨዋነት ነው» እያሉ በዜማ ይቀባበሉታል። እትዬ በአረቢኛው ሲዘፍኑት ቤት ይመታል፣ በአማርኛ አይሆንም። ገንዘብ የሚጠራቀምበት ቦታ «ካለህ ጣል፣ ከሌለህ አንሳ» የሚል ተጽፎበታል። የባቡሩ ድልድይ ላይ የወጡት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብረቱን በድንጋይ ይደበድቡታል፤ እንደ ከበሮ።

ነጭ ለብሳ መኪና ጣሪያ ላይ ቆማ ጣቷን ወደ ሰማይ የቀሰረችው ልጅ፣ አላ ሳላሕ፣ ፎቶዋ ዓለምን የዞረው ያኔ ነው። የ22 ዓመት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነበረች። እትዬ ግን ስለ እሷ ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ከሻ ነው። ከሻ ማለት ፖሊስ በድንገት የሚያደርገው አፈሳ ነው። ሻይ ሻጮችን ያባርራል፣ ምድጃና ብርጭቆ ጭኖ ይሄዳል፣ ዕቃውን ለማስመለስ ገንዘብ ይከፈላል። የውጭ ዜጋ ከሆንሽ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ። «እዚያ በር ላይ ግን ከሻ የለም» አሉኝ። «ወታደሩ ራሱ ባንበሬ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሹክራን ይለኛል! ወታደር!»

ይህች የእትዬ ቃል ናት ማዳጋስካርን እንዳላጋራ የያዘችኝ።

ወታደሩ ያን ሰሞን እውነት ነበር። ይህን መካድ አይቻልም። የደኅንነቱ ሰዎች ሌሊት ሌሊት እየመጡ ሲተኩሱ፣ ከበሩ ጀርባ የነበሩ ተራ ወታደሮችና ዝቅተኛ መኮንኖች በሰልፈኛው ፈንታ ተኩሰው መልሰዋቸዋል። የሞቱም አሉ። ያ ወታደር ሻዩን ሲጠጣ እያስመሰለ አልነበረም። ግን ሀገር ማን ይግዛ የሚለውን የሚወስነው እሱ አይደለም። እሱ በር ላይ ነው። የሚወስኑት ውስጥ ናቸው፣ ፎቁ ላይ፣ መጋረጃ ገለጥ አድርገው ሕዝቡን የሚቆጥሩት።

ሚያዝያ 3 ቀን አል በሽር ወረደ፣ ከ30 ዓመት በኋላ። ያወረዱት ደግሞ የራሱ ጄኔራሎች ናቸው። መግለጫውን ያነበበው የመከላከያ ሚኒስትሩ ኢብን አውፍ ነው። ሰዉ «ተስጉት ታኒ» አለ፤ ደግማ ትውደቅ። በማግስቱ እሱም ወረደ። ጄኔራል ቡርሐን መጣ። ምክትሉ ሔሜቲ ሆነ፣ ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ታጣቂ ኃይል አዛዥ፣ በዳርፉር ስሙ ከጀንጃዊድ ሚሊሻ ጋር የሚነሳው። ሚያዝያ 15 የአትባራ ሰዎች በባቡር ጣሪያ ላይ ሳይቀር ተጭነው ካርቱም ሲገቡ፣ እትዬ ብርጭቆ አልበቃቸውም ነበር። ሕዝቡ አሁንም በሩ ላይ ነው። ሥልጣኑን ለሲቪል አስረክቡ እያለ ነው።

ግንቦት 26 ቀን ንጋት ላይ፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ የጄኔራሎቹ ታጣቂዎች መጡበት። ከ100 በላይ ሰው ተገደለ። አስከሬን ዓባይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ኢንተርኔት ለአንድ ወር ያህል ጠፋ። ሲቀመጡበት የከረሙት የጦር ሰፈር በሩን ዘጋ፤ ሸሽተው ላንኳኩት አልተከፈተም። እትዬ ያን ሌሊት ታመው ቤት ነበሩ። ምድጃው ግን እዚያ ቀረ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አይናገሩም፤ እኔም አልጠይቅም።

ቀጥሎ ያለውን እዚህ አዲስ አበባም በቅርብ ስንከታተለው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ግንቦት 30 ካርቱም ሄደው ሁለቱንም ወገን አነጋገሩ። የኢትዮጵያው መልእክተኛ ማሕሙድ ድሪር ከአፍሪካ ኅብረት ልዑክ ጋር ሆነው ሲያደራድሩ ከረሙ። ነሐሴ 11 ስምምነት ተፈረመ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አብደላ ሐምዶክ እዚሁ ኢሲኤ፣ የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ሰው ናቸው። የሽግግሩ ዘመን 39 ወር ይሆናል ተባለ። መጀመሪያ 21 ወር የሉዓላዊ ምክር ቤቱን ወታደር ይመራዋል፣ የቀረውን 18 ወር ሲቪል። ያኔ ስናነበው «ምን አለበት» ብለናል። እኔ አሁን የማስበው መጀመሪያ የተቀመጠ ሰው መነሳት እንደማይወድ ነው። ለሲቪል የሚያስረክቡበት ጊዜ ሲቃረብ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2014፣ ቡርሐንና ሔሜቲ አንድ ላይ ሆነው መፈንቅለ መንግሥት አደረጉ። ሐምዶክ ታሰሩ፣ ተመለሱ፣ በመጨረሻም በቃኝ ብለው ለቀቁ።

አንድ ወዳጄ አለኝ፣ ሁሉን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር መዝጋት የሚወድ። «ጅሎች ናቸው፤ ጦር ሰፈር ሄዶ ዲሞክራሲ የሚለምን አለ?» ይላል። በዚህ አልስማማም። ሱዳኖች ጅል አይደሉም፤ ልምድ ያላቸው ናቸው። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በሥራ ማቆም አድማ ጄኔራል አቡድን አውርደዋል። በ1977 ኒሜሪን ሲያወርዱ ሥልጣን የያዘው ሱዋር አል ዘሐብ የተባለ ጄኔራል ነበር። በዓመቱ ምርጫ ተደርጎ አስረክቧል! ቃሉን የጠበቀ ጄኔራል በታሪካቸው አለ። ስለዚህ በሩ ላይ ሲቀመጡ ያዩት ነገር ነበራቸው።

የ2011 ጄኔራሎች ግን የ1977ቱን አይመስሉም። አል በሽር መፈንቅለ መንግሥት ስለሚፈራ አንዱን ታጣቂ በሌላው ሲያስጠብቅ ነው የኖረው። ፈጥኖ ደራሹን ያሳደገው ከጦሩ እንዲከላከለው ነበር። ጦሩ ፋብሪካና ኩባንያ ነበረው፤ ሔሜቲ ወርቅ ነበረው። ወደ ካምፕ ተመለሱ ሲባሉ የሚመለሱት ወደ ካምፕ አይደለም፣ ወደ ኪሳራና ምናልባትም ወደ ፍርድ ቤት ነው። ሁለት ጦር ባለበት ሀገር «ጦሩ ከሕዝብ ጋር ነው» ሲባል፣ የትኛው ጦር ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። በኋላ ሁለቱ የተጣሉትም በዚሁ ነው። ፈጥኖ ደራሹ በጦሩ ውስጥ ይጠቃለል ሲባል ጦሩ በሁለት ዓመት አለ፤ ሔሜቲ በአሥር ዓመት አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ከተማ መሐል መተኮስ ጀመሩ።

ቀኑ ቀዳም ሥዑር ነበር። እትዬ ዶሮ ገዝተው ሽንኩርት እያቁላሉ ነበር። ሽንኩርቱ ከሰለ ይላሉ፤ መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። ፋሲካን አልጋ ሥር አሳለፉ። ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ገላባት፣ ከዚያ መተማ።

የእኛው 1966ም ትዝ ማለቱ አይቀርም። የካቲት ላይ የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፣ ታክሲ ቆመ፣ መምህራን አደሙ፣ ጦሩም በየካምፑ አጉረመረመ። አባቴ ተማሪ ነበር። ወታደሩ «ያለ ምንም ደም» ሲል አብሮ ዘፍኗል። መስከረም ላይ የሠራተኛው ማኅበር መሪዎች ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ሲሉ ታሰሩ፤ ኅዳር 14 ሌሊት 60 ሰው ተረሸነ። ስለዚህ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ የምጨምረው የለም። ልዩነቱን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። እኛ ጋ ጦሩ ሲመጣ የሚከራከረው የተደራጀ ሰፈር አልነበረም። ቀበሌውን ራሱን ያደራጀው ደርግ ነው። ሱዳን ውስጥ ግን የሰፈር ኮሚቴ የሚባል ነገር ከጦሩም ከፓርቲውም ተለይቶ በቅሎ ነበር። የተቃውሞ ኮሚቴ ይሉታል። ሰልፍ የሚጠራው፣ ጎማ የሚያቃጥለው፣ ቁስለኛ የሚያነሳው እሱ ነበር። ከመፈንቅለ መንግሥቱም በኋላ ከዓመት በላይ «ድርድር የለም» እያለ ሰልፍ ሲወጣ ቆይቷል።

ጦርነቱ ሲመጣ እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጠመንጃ አላነሱም። ድስት አነሱ። መንግሥት በጠፋበት ሰፈር የጋራ ወጥ ቤት ከፈቱ፤ ፉል፣ ምስር፣ የማሽላ ገንፎ። ገንዘቡ ውጭ ካሉ ሱዳናውያን በስልክ ይላካል። ከሁለቱም ወገን ይታሰራሉ፤ አንዱ የሌላው ሰላይ ናችሁ ይላቸዋል። ስለ አብዮቱ «ምን ተረፈ?» የሚለኝ ሰው ሲኖር የማነሳው እነሱን ነው። በሩ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ተበትኗል። ሰልፈኛውን ከየቤቱ የጠራው ኮሚቴ ግን ሰፈሩ ውስጥ አለ። አሁን ሳስበው የመጀመሪያውን ቀን ትኩረት ሁሉ ለበሩ ሰጥተነው ነበር፤ ካሜራውም እዚያው ነበር፤ እኔም ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

መጋቢት 2017 ላይ ጦሩ ካርቱምን ከፈጥኖ ደራሹ መልሶ ያዘ ሲባል እትዬ ብዙም አልተደነቁም። ደይም የቀሩ ሰዎች አንዳንዴ በዋትሳፕ ድምፅ ይልኩላቸዋል። ትናንት አንዱን አሰሙኝ። ከደንበኞቻቸው አንዱ ነው፣ የኮሚቴ ልጅ፣ ያኔ ተማሪ የነበረ። አሁን የሰፈሩ ወጥ ቤት ውስጥ ፉል ያበስላል። «ኻልቲ፣ አክስቴ፣ መቼ ነው የምትመጪው? ቡናሽ ናፈቀን» ይላል። ከጀርባው ብዙ ሰው ይንጫጫል፤ ሰሐን ይንኳኳል።

እትዬ ስልኩን አፋቸው ጋ አስጠግተው ባረቢኛ መለሱለት። ምን አሉት ብዬ ጠየቅኳቸው። ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥተው ገጹን አሳዩኝ። ስሙ አለ፣ ከጎኑ ብዙ ጭረት።

«መጀመሪያ ይሄን ክፈል አልኩታ!»