ቴፕና ብሉ ሬይ፦ ኮምቦልቻ ላይ ሰዓት ይዤ የለካሁት

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ጅምላ አከፋፋይ ሰርቨር ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂው፣ የኔ ኃላፊነት ነው። ዳታው 900 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። የሒሳብ ዳታቤዙ ከዚህ ውስጥ 18 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ ስካን የተደረገ ደረሰኝና የጭነት ወረቀት ነው፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት።

በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙ ነጋዴ ኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም የሄደበት፣ ማን ስንት እንዳለበት የሚያይበት መዝገብም አብሮ ሄደ። የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ «ልጄ፣ ቅጂው እዚህ ግቢ እንዳያድር።» ስለዚህ በእጅ ተይዞ ደሴ የሚወጣ ነገር ፈለግኩ። ያገለገለ ኤልቲኦ 5 ቴፕ ድራይቭ (ዳታ በካሴት መሳይ ቴፕ ላይ የሚጽፍ መሣሪያ) ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው «ሳስ» ካርድ ጋር ተገኘ። ብሉ ሬይ በርነርም፣ ማለትም የብሉ ሬይ ዲስክ መጻፊያ፣ ነበረን። ሁለቱንም በዚያው ዳታ ሞከርኳቸው።

መጀመሪያ ብሉ ሬዩን። በርነሩ ባለ 6 ኤክስ ነው፣ ኤክስ የፍጥነት መለኪያ ነው። የብሉ ሬይ 1 ኤክስ በሰከንድ 4.5 ሜጋባይት ስለሆነ ቢበዛ 27 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። 25 ጊጋ የሚይዘውን አንድ ዲስክ ለመጻፍ 21 ደቂቃ፣ መልሶ አንብቦ ለማረጋገጥ 19 ደቂቃ ወሰደብኝ። ለ900 ጊጋ 37 ዲስክ ያስፈልጋል። አስቡት፣ በየ40 ደቂቃው ተነስቼ ዲስክ መቀየር፣ መጻፍ፣ ቁጥር መለጠፍ። ሦስት የሥራ ቀን በላብኝ። 14ኛው ላይ መብራት ጠፋ፤ በርነሩ ያለበት ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) አልነበረውም፣ ዲስኩ ተበላሸ። አንዴ የሚጻፍ ዲስክ መሃል ላይ ከተቋረጠ ይጣላል።

ከዚያ ቴፑ። ኤልቲኦ 5 ሳይጨመቅ 1.5 ቴራባይት ይይዛል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 140 ሜጋባይት ነው። ካርትሪጁ (የቴፑ ካሴት) ላይ በትልቁ የተጻፈው 3 ቴራ ዳታው በግማሽ ይጨመቃል ተብሎ ነው፤ ስካን የተደረገ ምስል ደግሞ ቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ እሱን እርሱት። በስሌቴ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሰርቨሩ ፎልደር በቀጥታ ወደ ቴፑ ለቀቅኩት፣ ያለቀው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነው። በአማካይ በሰከንድ 24 ሜጋባይት! ከብሉ ሬዩ በምንም አልተሻለም።

ምን እንደሆነ የነገረኝ ድምፁ ነው። ድራይቩ ሽው ይልና ቀጥ ይላል፣ ወደ ኋላ ይሳባል፣ እንደገና ሽው ይላል። ቴፕ እየሮጠ ነው የሚጽፈው። ዳታ ሲያጥረው ባለበት መጠበቅ አይችልም፣ አልፎ ስለሚሄድ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ መንደርደር አለበት። ሀረጎን ሲወጣ መሃል ዳገት ላይ እንደቆመ ጭነት አይሱዙ ማለት ነው፣ ለመነሳት መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ መንሸራተቱ አይቀርም። ሰዓቱ ብቻ አይደለም የሚባክነው፣ ቴፑና የድራይቩ ራስም ይጎዳሉ። ዳታ ያሳጠሩት እነዚያ ትንንሽ ፋይሎች ናቸው፤ ሰርቨሩ አንዱን ፈልጎ ከፍቶ ዘግቶ ወደ ሌላው እስኪሄድ ቴፑ ይራባል።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ሁለት ሃርድ ዲስክ በሬድ 0 (ሁለቱ እኩል እየሠሩ እንደ አንድ ፈጣን ዲስክ በሚሆኑበት መንገድ) አንድ ላይ አሰርኩና ቋት፣ ማለትም ዳታው ወደ ቴፕ ከመሄዱ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ፣ አደረግኳቸው። ቀን ቀን ደረሰኞቹ ታር በሚባል ፋይል ጠቅላይ ፕሮግራም ወደ ትልልቅ ፋይል እየተጠቀለሉ ቀስ ብለው እዚያ ይገባሉ፣ ማታ ከቋቱ ወደ ቴፕ። ታር ዝም ከተባለ የሚጽፈው በ10 ኪሎባይት ቁራጭ ነው፣ እሱንም 256 ኪሎባይት አደረግኩት። በዚህኛው ሙከራ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ በአማካይ በሰከንድ 115 ሜጋባይት። ድምፁም አንድ ወጥ ሆነ። 

ግን ብሉ ሬዩን አልጣልኩትም፣ ምክንያቱም መልሶ ማውጣቱንም ለካሁ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እባካችሁ አትዝለሉት። ቴፑ 846 ሜትር ነው። አንዲት ደረሰኝ ስፈልግ ትልቁን ታር መጀመሪያ ማግኘት፣ ከዚያ እስከ ፋይሏ ድረስ ማንበብ ነበረብኝ፣ 11 ደቂቃ ፈጀ። ከዲስኩ ግን ፎልደር ከፍቼ ወዲያው አየኋት። ስለዚህ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ 18 ጊጋው ዳታቤዝ ለብቻው አንድ ብሉ ሬይ ላይ ይጻፋል፣ በሁለት ቅጂ፣ አሁን በዩፒኤስ።

ቴፖቹ ሦስት ናቸው፣ ይፈራረቃሉ። ሐሙስ ማታ የተጻፈው ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ደሴ ይወጣል፣ ወንድሜ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ በቁሙ ይቀመጣል፣ ያለፈው ሳምንት ይወርዳል። በየሦስት ወሩ አንዱን ሙሉ በሙሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እመልሰዋለሁ። ባለፈው ሐጂ አጠገቤ ተቀምጠው የ2015 ደረሰኞች አንድ በአንድ ሲከፈቱ አዩ። ዝም ብለው ቆዩና «በል ሌላኛውንም ክፈተው» አሉኝ።