በመረብ ያተረፉን የናርጋ ሥላሴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት ጥግ ያሠሩት ገዳም ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሐምሌ 7 ንግሥ ስለሆነ ክረምት ነው ብሎ የሚቀር የለም። እኛም ሄደን አነገሥን። ነገሩ የመጣው ስንመለስ ነው።

ጣናን የማያውቅ ሰው ስፋቱን አይቶ ጥልቅ ይመስለዋል። ዳሩ አይታይም፤ ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ድንጋይ አለ። ውሃው የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ይሸሻል። በ1995 ዓ.ም. እንዲያውም ክፉኛ ሸሽቶ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። ሐምሌ መጀመሪያ እንግዲህ ዝናቡ ሐይቁን ገና አልሞላውም፤ ጎርፉ ግን አደፍርሶታል። በበጋ ካፒቴኑ የውሃውን መልክ አይቶ ድንጋዩን ይሸሻል። ወተት የገባበት ሻይ በመሰለ ውሃ ውስጥ ምኑን አይቶ ይሽሽ?

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ቀጥሎ ዝናቡ ወረደ። ካፒቴኑ ምልክት አድርጎት የሚሄደው የዘጌ ጫካ ከዓይናችን ጠፋ። ነፋሱ ወዴት እየገፋን እንደሆነ እሱም አላወቀም። አጠገቤ የተቀመጡት እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ሁላችንም ተቀበልናቸው። እኔ በልቤ «ሥላሴ፣ ብቻ በሰላም አግቡኝ፣ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ፣ ያደረጋችሁልኝንም በአደባባይ እመሰክራለሁ» አልኩ።

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ሞተሩ ጮኸና ቀጥ አለ።

ያኔ የነበረውን ልቅሶ አልነግራችሁም። «አበቃልን!» ያለም ነበር። ረዳቱ መልህቁን ወረወረ። ገመዱን ገና መልቀቅ ሲጀምር መልህቁ መሬት ነክቶ ያዘ። ካፒቴኑ ገመዱን አየና ፊቱ ተለወጠ። «እዚህ እንዲህ ቅርብ ሊሆን አይችልም» አለ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ነው የገባን። ከፊት ለፊታችን ማዕበሉ አንድ ቦታ ላይ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይሰበራል። ከላይ ምንም ነገር አይታይም። በደንገል ታንኳ አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣ። መልአክ ነው እንዳልል፣ መጀመሪያ ያደረገው ስለ መረቡ መቆጣት ነው። ሞተራችንን ያቆመው ለካ የሱ መረብ ነው፤ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ቀርቷል። ቁጣው ሲበርድለት «ወዴት ነበር የምትሄዱት? ድንጋይ ላይ ልትወጡ?» አለ። ወደ አረፋው ቀዘፈና ሽመሉን ውሃው ውስጥ ሰደደው። ግማሹ እንኳ ሳይገባ «ኳ!» አለ።

እማሆይ «አያችሁ ልጆቼ፣ ሞተሩ ይነሣ ብለን ስንለምን የቆመው ለእኛው ነው» አሉ።

ረዳቱ መረቡን በቢላ እየቆረጠ አወጣው። ሰውየው ታንኳው ላይ ሆኖ ከፊት እየመራ፣ በሽመሉ እየለካ ወደ ጥልቁ አወጣን። ገንዘብ አዋጥተን ስንሰጠው መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ካፒቴኑ «የመረብህ ዋጋ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም» ሲለው ተቀበለ።

አጎቴ ይህን ስነግረው «አጋጣሚ ነው» ይለኛል። ይሁን። ያን ሁሉ ባሕር ትቶ መረቡን እዚያ ድንጋይ ፊት ያስጣለው ማን እንደሆነ ግን እሱም አልመለሰልኝም።

ጃንጥላውን ለጥር 7 አስገብቻለሁ። ምስክርነቱ ነበር የቀረኝ፤ ይኸው። ክብር ምስጋና ለሥላሴ ይሁን፣ አሜን።