የማርሚታ ጫፍ ጽዳት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ድሬ ላይ መኪና ታጥቦ ሲወጣ ጎማው ጠቁሮ፣ መስታወቱ ተወልውሎ፣ ዳሽቦርዱ አብረቅርቆ ነው። የማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን፣ ጫፍ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ላቫጆ ያሉት ልጆች ውሃ ረጨት አድርገውበት ያልፋሉ፣ ጥላሸቱ እዚያው ነው። እኔ ደግሞ የቆመ መኪና ከኋላው ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ላይ ሆኗል። ስለዚህ በትርፍ ሰዓቴ የያዝኩትን ነገር፣ የገባኝን ያህል ላካፍላችሁ።

የምሠራው በአጎቴ መኪና ነው። አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ከኋላዋ በክሮም የተለበጠ ጫፍ አላት። ለልምምድ ደግሞ ሳቢያን ሰፈር ካለ አንድ ጋራዥ የተጣለ የስቴንለስ ጫፍ ለምኜ ወስጃለሁ። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚሞከረው በእሱ ላይ ነው። እናንተም ብትጀምሩ እንዲህ ያለ የተጣለ ነገር ፈልጉ፣ እጅ ይፈታል።

ፈሳሽም ሆነ ሽቦ ከማንሳታችሁ በፊት ብረቱን እወቁት። እኔ ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት እይዛለሁ። ማግኔቱ ካልያዘና ብረቱ ለስለስ ያለ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ካልያዘና ጠንካራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 304 የሚባለው ስቴንለስ ነው። ከያዘ ግን ቶሎ አትወስኑ፤ በክሮም የተለበጠ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል፣ 409 የሚባለው ስቴንለስም ማግኔት ይይዛል። እዚህ ላይ ዓይን ነው የሚለየው። ክሮም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የመስታወት ብርሃን አለው፣ የተላጠበት ቦታ ላይ ዝገት ብቅ ይላል። ስቴንለስ ግራጫማ ነው፣ ቢፋቅም ከሥሩ ያው ራሱ ነው።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ክሮሙ በጣም ስስ ስለሆነ ነው። ለጌጥ የሚለበጥ ክሮም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን በታች ነው፣ የሰው ፀጉር እንኳን ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። ከሥሩ ያለው ኒኬል ወፈር ይላል፣ ግን ክሮሙን በብርጭቆ ወረቀት አንዴ ከፈተጋችሁት አለቀ፣ ደግሞ ማስለበጥ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

አሁን ወደ ሥራው። የምጀምረው በጠዋት ነው፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ። ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዟል፣ ፀሐይዋም ገና አልከረረችም። እኛ አገር 3 ሰዓት ካለፈ ብረቱ እጅ ያቃጥላል፣ የቀባችሁት ሁሉ ሳይሠራ እዚያው ይደርቃል። ለብ ያለ ውሃ ላይ ላርጎ ጨምሬ አሮጌ ጨርቅ እነክርና ጫፉን ከውጭም ከውስጥም እጠቀልለዋለሁ። በላዩ ፌስታል አስርበታለሁ፣ እንዳይደርቅ። ከዚያ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፤ በክንዱ ሊፈታው ይፈልጋል፣ ግን ጥላሸት ጊዜ ሲሰጡት ራሱ ይለቃል። ፌስታሉን ፈትቼ ጨርቁን ስገልጠው ጥቁሩ እንደ ቡና አተላ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የቀረውን፣ በተለይ ከንፈሩ ወደ ውስጥ የተቀለበሰበትን ስንጥቅ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየዞርኩ አወጣዋለሁ። ቅባት ያለበት ሬንጅ መሳይ ነገር ካለ ጨርቅ ላይ ትንሽ ላምባ፣ ከእሳት ርቆ፣ ብረቱ ፍጹም ሲቀዘቅዝ። ከዚያ እንደገና በላርጎ ማጠብ።

ጥላሸቱን በደረቁ አትፈግፍጉት። ጓንትና ማስክ አድርጉ። የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 በግልጽ መድቦታል። እርጥብ ሆኖ ሲሠራ ብናኙ አይነሳም።

ክሮም ላይ ለሚታዩ የዝገት ነጠብጣቦች ደስ ያለኝ መላ የአሉሚኒየም ፎይል ነው። ፎይሉን ጨብጦ ውሃ አስነክቶ ቀስ ብሎ ማሸት። አሉሚኒየም ከክሮም ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ አይጭረውም፣ ዝገቱን ግን ያነሳዋል። ጉድጓድ የሠራ ዝገት ግን ቦታው እንደ ነጥብ ይቀራል፣ ከዚያ በላይ አታስጨንቁት። የብረት ሱፍ የምትጠቀሙ ከሆነ አራት ዜሮ የተጻፈበትን፣ በጣም ደቃቁን ብቻ። የዕቃ ማጠቢያው ሽቦ ሻካራ ነው፣ ድስት ላይ ይቅር። ስቴንለስ ላይ ደግሞ የብረት ሱፍ ጨርሶ አታስነኩ፤ ደቃቅ ብረት ጥሎበት ይሄድና እሱው ይዝጋል። በረኪናም እንዲሁ፣ ክሎሪኑ ስቴንለስን ይበላዋል።

የተጣለው ጫፍ ላይ ግማሹን ብቻ ሠርቼ ግማሹን እንዳለ ተውኩት፣ ልዩነቱን ጎን ለጎን ለማየት። ስቴንለስ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካሁ ከ400 ወደ 800፣ ከዚያ ወደ 1000፣ መጨረሻ 2000 ወጣሁ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ወረቀቱ ይደቃል። ቁጥር በተቀየረ ቁጥር የማሸት አቅጣጫውን እቀይራለሁ፣ መጀመሪያ በዙሪያው ከሆነ ቀጥሎ በቁመቱ፣ ያኔ የፊተኛው ጭረት አልቆ እንደሆነ በዓይን ይታያል። አንዱን ቁጥር ዘላችሁ ካለፋችሁ ጭረቱ ፖሊሹ ሥር ሆኖ ያያችኋል። ከዚያ የብረት ፖሊሽ፣ የምስር ፍሬ የምታክል፣ በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት። ጨርቁ ሲጠቁር ቆሻሻ እየወጣ ነው አትበሉ፤ ፖሊሹ ከብረቱ ላይ ደቃቅ ሽፋን እያነሳ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ሳይደርቅ መጥረግ። ጣቴን ጠጋ ሳደርግ የጥፍሬ ጠርዝ ብረቱ ውስጥ ታየኝ፣ ከጎኑ ያልተነካው ግማሽ ደግሞ እንደ ነበረ ደብዛዛ ነው። ወላሂ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

የድሬ ውሃ ጨው እንዳለው ማንቆርቆሪያ ያላችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ጫፉ ላይ ከደረቀ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ወዲያው ማድረቅ ነው። ከቆየ አቼቶ በውሃ ቀጥኖ ያነሳዋል፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ።

ያልጠበቅኩት ትምህርት ከጥላሸቱ ነው የመጣው። ጫፉ አንዴ ከነጻ በኋላ መኪናዋ ምን እንደምትተፋ ይታያል። የአጎቴ ኮሮላ ቶሎ ቶሎ ደረቅ ጥቁር ትሠራ ነበር። ደረቅ ጥቁር ማለት ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ቤንዚንና አየር የምታቀላቅለው በካርቡሬተር ነው፣ የአየር ፊልትሩን ስናወጣው በእኛ አቧራ ተደፍኗል። ከተቀየረ ወዲህ ጥላሸቱ በግልጽ ቀንሷል። ጥቁሩ እርጥብና ቅባታማ ከሆነ ግን ዘይት እየበላች ሊሆን ይችላልና መካኒክ ይያት። ጠዋት የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ አያስደንግጣችሁ። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር ውሃ ይወጣዋል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ከዚራ ብቻ የምትመላለስ መኪና ማርሚታዋ በደንብ ሳይግል ይቆማል፣ ውሃው ውስጥ ይቀርና ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። አንዳንዴ የደንገጎን ዳገት ወጥታ ሐረር ደርሳ ብትመለስ ይደርቅላታል።

ቀጣዩ የጎረቤታችን ሃይሉክስ ነው። ናፍጣ ስለሆነ ጥላሸቱ ወፍራም ነው፣ ጨርቁን ረዘም ላለ ሰዓት አስሬ አየዋለሁ። ድሬም ሆነ ሐረር ክሮም በጥራት የሚለብጥ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ አንድ በጣም የተላጠ ጫፍ በእጄ አለ።